የውሰት ጀርባ፦ የጭነት እንስሳትና የጎረቤት ውለታ በደብረ ሲናና በይፋት ቆላ

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,600 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ከጣርማ በር ተራራ ሥር የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ታች የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል። መንገደኛው ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ደጋ ተነሥቶ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ወደሚመረትበት ቆላ የሚገባው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ይህ የአየር ጠባይ ልዩነት ደገኛው የቆላውን፣ ቆለኛው የደጋውን ምርት እንዲሻ አድርጎታል። በሁለቱ መካከል ያለውን አቀበትና ቁልቁለት ለዘመናት ሲያገናኝ የኖረው ግን የአህያ፣ የበቅሎና የግመል ጀርባ ነው።

የጭነት እንስሳ በአብዛኛው የሚጠናው እንደ ማጓጓዣ ብቻ ነው። ምን ያህል ኪሎ ይሸከማል፣ ምን ያህል ርቀት ይጓዛል፣ ለቤተሰቡ ምን ያህል ገቢ ያስገኛል የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ የጭነት እንስሳ በሰዎች መካከል የሚደረገውን ጥቃቅን መረዳዳት እንዴት ያጸናል? የዚህ መረዳዳት ዋጋስ በማን ላይ ያርፋል?

ጭነት የሚለወጥበት አፋፍ

ይፋት የንግድ መተላለፊያ የሆነችው ዛሬ አይደለም። ከ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው የይፋት ሱልጣኔት ጥንካሬ በአብዛኛው የተመሠረተው የመሐል አገሩን ደጋ ከዘይላ ወደብ ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመንም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው ቅፍለት ወደ ሸዋ የሚገባው ከአንኮበር ሥር ባለው ቆላ በኩል ነበር። ዐርብ ዐርብ የሚቆመው የአልዩ አምባ ገበያም የቆላና የደጋ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ዋና ሥፍራ ሆኖ ይታወቅ ነበር።

የዚህ መንገድ ልዩ ጠባይ አንድ እንስሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማይዘልቀው መሆኑ ነው። የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ በመሆኑ ለአሸዋ ይመቻል፤ በድንጋያማና በሚያንሸራትት አቀበት ላይ ግን ይቸገራል። በመሆኑም ጨውና ሌላውን ሸቀጥ በረሃውን አሻግሮ ያመጣው ግመል ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ጭነቱ ይራገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ድርሻ የአህያና የበቅሎ ይሆናል። በ1833 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስም የገጠመው ይኸው ነበር፤ ግመሎቹ ከተራራው ሥር ሲቆሙ ከባዱ ጓዝ ወደ አንኮበር የወጣው በሰው ትከሻ ነው።

ጭነት ከግመል ወርዶ በአህያ ላይ የሚወጣበት ሥፍራ እንግዳና ባላገር፣ ቆለኛና ደገኛ፣ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ የሚቆሙበት ሥፍራም ነው። የአንድ ግመል ጭነት ለብዙ አህዮች የሚከፋፈል በመሆኑ ሥራው በአንድ ሰው ጉልበት አይጠናቀቅም። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙባቸው የዛሬዎቹ ገበያዎች፣ ለምሳሌ እሑድ የሚውለው የሰንበቴ ገበያ፣ የዚህ የቆየ ግንኙነት ወራሾች ናቸው።

ከአስፋልቱ ባሻገር

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ወደ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ ሲሠራ ከ500 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጣርማ በር ዋሻ ተፈለፈለ። ከዚያ ወዲህ በዋናው መስመር ላይ የረጅሙን ርቀት ጭነት መኪና ተረከበው። ይሁን እንጂ የጋማ ከብት ከሥራ አልወጣም፤ የሥራው ዓይነት ብቻ ተለወጠ። ከእርሻ ማሳ እስከ አስፋልቱ፣ ከወፍጮ ቤት እስከ ደጅ፣ ከምንጭ እስከ ጓዳ ያለው መንገድ ዛሬም በአብዛኛው የእግርና የኮቴ መንገድ ነው። በተለይም ከዋናው መስመር ግራና ቀኝ ባሉት ገደላማ ቀበሌዎች እህል ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያ ወደ ማሳ፣ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በእንስሳ ጀርባ አለዚያም በሰው ትከሻ ነው። «በሰው ትከሻ» ሲባል ደግሞ ውኃና ማገዶን በተመለከተ በአብዛኛው የሴቶችና የልጃገረዶች ጀርባ ማለት ነው። በአንድ ቤት አህያ መኖሩና አለመኖሩ የአንዲትን እናት የዕለት ድካም ይወስናል።

ጭነት ሁለት ሰው ይሻል

አህያ መጫን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጭነቱ በሁለት እኩል ወገን ተከፍሎ በግራና በቀኝ ጎን መንጠልጠል አለበት። አንዱ ወገን ቀድሞ ከተሰቀለ ያጋድላል፣ ኮርቻውን ያዞራል፣ እንስሳውንም ያስደነግጣል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በአንድ ጊዜ ማንሣት፣ መጫኛውን አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ማጥበቅ ይኖርባቸዋል። ብቻውን የሚጓዝ ባለ አህያ ጭነቱ መንገድ ላይ ከተፈታበት መንገደኛ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። የመጣው መንገደኛም ዘመድ ይሁን ባዳ፣ የሚያውቁት ይሁን የማያውቁት፣ ለሰላምታ ያህል ቆሞ ሳያነሣ ቢያልፍ ነውር ነው።

የአማርኛ ቋንቋ ራሱ ለዚህ ዓይነቱ እገዛ የተለየ የግሥ መልክ አለው። «ፈለገ» ከሚለው «አፋለገ»፣ «ወለደ» ከሚለው «አዋለደ» እንደሚወጣ ሁሉ «ጫነ» ከሚለውም «አጫጫነ» ይወጣል። ሥራው የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ጉልበትን ማዋጣት በአንድ ቃል ይገለጣል ማለት ነው። ሸክሙን ከመሬት ማንሣት ያቃተው ሰውም «አሸክሙኝ» ይላል፤ የሚለምነው ሸክሙን እንዲወስዱለት ሳይሆን መነሻውን እንዲያግዙት ብቻ ነው። የእገዛው መጠን ትንሽ፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ ያለ እርሱ ግን ጉዞው አይጀመርም።

እንዲህ ያለው እገዛ ከእድር፣ ከእቁብና ከደቦ ይለያል። እድር መዋጮና መዝገብ አለው፤ እቁብ ዕጣና ዳኛ አለው፤ ደቦም ቀን ተቆርጦለት፣ ጠላ ተጠምቆለት የሚጠራ ነው። በመንገድ ላይ ጭነት ያጫጫነ ሰው ግን ስሙ በምንም መዝገብ አይሰፍርም፤ ውለታውም ለዚያው ሰው ላይመለስ ይችላል። የሚመለሰው ሌላ ቀን፣ በሌላ ጠመዝማዛ ላይ፣ ምናልባትም በማያውቀው ሰው እጅ ነው። የአንድ አካባቢ ሰዎች እርስ በርስ መተማመናቸው በትልልቅ ተቋማት ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባሉ የማይቆጠሩ ድርጊቶች ይገነባል።

ውሰትና ብድር

ከመንገድ እገዛው ከፍ ያለው ደግሞ እንስሳውን ራሱን ማዋስ ነው። «አህያ የለው በቅሎ ይንቃል» የሚለው ተረት በባዶ ቤት የሚኩራራውን ይነቅፋል፤ በተግባር ግን አህያ የሌለው ሰው መፍትሔው መናቅ ሳይሆን ጎረቤቱን መለመን ነው። ለገበያ ቀን፣ ለወፍጮ፣ ለአጨዳ ወይም ለሠርግና ለተዝካር እህል ማመላለሻ አህያ ይዋሳል። በአንጻሩ የተዋሰው ሰው ጭድ ይሰጣል፣ የአንድ ቀን ጉልበቱን በወንፈል ይመልሳል፣ ወይም የአዋሹን እህል ከራሱ ጋር ጭኖ ያስፈጫል።

አማርኛ ውሰትንና ብድርን ለይቶ ይጠራል። የተበደረ ሰው የሚመልሰው ምትክ ነው፤ የወሰደውን እህል በልቶ ሌላ እህል ይሰፍራል። የተዋሰ ሰው ግን የሚመልሰው ያንኑ የወሰደውን ነው። ይህ ልዩነት ለእንስሳ ትልቅ ትርጉም አለው። ማታ ወደ ባለቤቱ ደጅ የሚመለሰው አህያ የዋለበትን ሁሉ በአካሉ ይዞ ይመለሳል፤ ውኃ መጠጣት አለመጠጣቱ፣ ጭነቱ መብዛት አለመብዛቱ፣ መደብደብ አለመደብደቡ በጀርባው፣ በጎኑና በአረማመዱ ይነበባል። አዋሹ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። ጀርባው ደኅና ከሆነ ውሰቱ ይቀጥላል፤ ከቆሰለ ግን በሚቀጥለው ጊዜ «አህያዋ አልተሻላትም» የሚል ምክንያት ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሚቋረጠው የአህያ ውሰት ብቻ አይደለም።

ገጣባ

የጀርባ ቁስል፣ በተለምዶ ገጣባ የሚባለው፣ በኢትዮጵያ የጭነት አህዮች ላይ ከሚታዩት ዋና ዋና ችግሮች አንዱ ነው። መንሥኤው ግልጽ ነው። ጭነቱ በጎድን ሥጋ ላይ ማረፍ ሲገባው በአከርካሪ አጥንት ላይ ያርፋል፤ ከሥሩ የሚነጠፈው ጆንያ ቀጭን ይሆናል፤ ላብና አቧራ ሲጨመሩበት ቆዳው ይላጣል። እንደ ደብረ ሲና ባለ ገደላማ አገር ችግሩ ይብሳል። በአቀበት ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት የደረቱ ገመድ ይቆርጣል፤ በቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ስለሚገፋ ትከሻው ይቆስላል፣ ከጭራው ሥር የሚያልፈው ገመድም ይከረክራል። አህያ ሕመሟን በግልጽ የማታሳይ እንስሳ በመሆኗ ደግሞ ቁስሉ ሥር ከሰደደ በኋላ ብቻ ይታያል።

የሰዎች ደግነት ያልተጠየቀ ሂሳብ ያለው እዚህ ላይ ነው። አዋሹ ለጎረቤቱ ቸር ሆነ፤ ተዋሹም ውለታውን መለሰ፤ በሁለቱ መካከል ግን የተሸከመችው አህያዋ ናት። ቸርነቱ በበዛ ቁጥር ዕረፍቷ ያንሳል። ባለቤቱ ራሱ የማይጭናትን ያህል ተዋሹ ሊጭናት ይችላል፤ የነገው ጀርባ የእርሱ አይደለምና። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው አባባል ጥፋተኛውን ትቶ ሌላውን የሚመታን ሰው ይተቻል፤ በውሰት ልማድ ግን ዳውላው ሲከብድ የምትመታው አህያዋ ናት።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፍና መሐሉ ክፍት የሆነ ወፍራም ድልዳል፣ ሰፋ ያለ የጨርቅ ወይም የቆዳ ማሰሪያ፣ በየዕረፍቱ ጭነት ማራገፍ፣ ከጭነት በፊትና በኋላ ውኃ ማጠጣት አብዛኛውን ቁስል ይከላከላሉ። በቢሾፍቱ ከሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ጋር በመተባበር ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የሠራው የእንግሊዙ የአህዮች በጎ አድራጎት ድርጅት ትኩረት ከሰጣቸው ጉዳዮች መካከል ይህ ይገኝበታል። ነገር ግን ትምህርቱ ለባለቤቱ ብቻ ከተሰጠ ግማሽ መንገድ ይቀረዋል፤ አህያዋን የሚጭናት ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነውና። ድልዳሉ ከአህያዋ ጋር አብሮ ሲዋስና ተዋሹም ድልዳሉን እንደ አህያዋ አካል ቆጥሮ ሲመልሰው ነው ልማዱ የሚሟላው።

ያለ አህያ የሚቀር መንደር

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ ተዘግቶ ነበር፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ማረድን የሚከለክል ውሳኔ አሳልፈዋል። ተቃውሞው ከሃይማኖትና ከባህል ብቻ የመነጨ አልነበረም። አህያ ስትወደድ መጀመሪያ የሚቸገረው ባለ አህያው ሳይሆን ከእርሱ የሚዋሰው ድኻ ጎረቤት ነው። ባለቤቱ ውድ የሆነውን እንስሳ ለሌላ እጅ ለመስጠት ይሳሳል፤ ሸክሙም ወደ ሴቶች ጀርባ ይመለሳል።

አካባቢው በቅርብ ዓመታት የደረሰበት ችግርም ሊዘነጋ አይገባም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ በግጭት ተጎድተዋል፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ አስፋልቱ ሲዘጋ የቀረው የእግር መንገድ ነው፤ በእግር መንገድ ላይም ሰው የሚተማመነው ከዚያ በፊት በነበሩት ተራ ቀናት አብሮት ጭነት ባነሣው ሰው ነው። መተማመን በችግር ቀን አይጀመርም፤ ቀድሞ በገበያ ቀን የተቀመጠ መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

በደብረ ሲናና በይፋት ቆላ የጭነት እንስሳ የእህል ብቻ ሳይሆን የውለታም ማመላለሻ ነው። ጭነቱ ሁለት ሰው ስለሚሻ መንገደኛን ከመንገደኛ ያገናኛል፤ ለሁሉም ስለማይዳረስ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተሳስራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለው አባባል ይህንኑ ያስረዳል፤ ሸክሙ ጌጥ የሚሆነው ግን በእውነት ሲከፋፈል እንጂ ከሃምሳ ሰው ተሰብስቦ በአንዲት አህያ ላይ ሲጫን አይደለም። ስለዚህ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ሠራተኞችና እድሮች የውሰትን ልማድ እንደ ኋላ ቀርነት ሳይሆን እንደ መነሻ ሊወስዱት ይገባል። የሚያስፈልገው አዲስ ልማድ መፍጠር ሳይሆን በነባሩ ልማድ ላይ አንድ ሕግ ማጽናት ነው፤ የተዋሰ ሰው አህያዋን ጠጥታ፣ ተመግባ፣ ጀርባዋ ሳይላጥ ይመልሳት።