«ልምድ የለህም» ለምንለው ልጅ



በየቤታችን የተለመደ አንድ ንግግር አለ። ልጃችን ተነስቶ ከአቅሙ በላይ የሚመስለንን ነገር ያስባል። ቁርኣንን በሙሉ ልሐፍዝ፣ ሱቅ ልክፈት፣ የሰፈሩን ሕጻናት ላስቀራ ይላል። እኛ ወላጆችም «አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ልምድ የለህም» ብለን እንመልሰዋለን። ንግግራችን ውሸት የለበትም። ነገር ግን ልምድ የሚገኘው በመሥራት ነው። ሥራውን ከከለከልነው ልምዱን ከየት ያምጣው? የልብ ጉጉት የልምድን ጉድለት እንዴት እንደሚሞላ፣ ምን ሲጎድለውም እንደማይሞላ፣ ዛሬ ኢንሻአላህ ከአንድ ሶሐባ ሕይወት እንመለከታለን።

ይህ ሶሐባ ዘይድ ቢን ሳቢት (ረ.ዐ) ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሒጅራ መዲና ሲገቡ ዘይድ የ11 ዓመት የቲም ነበር። በበድር ጊዜም ዕድሜው ለዘመቻ አልደረሰም። ይህ በር ቢዘጋበት ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ገና ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲደርሱ ከቁርኣን በርከት ያሉ ሱራዎችን በቃሉ ይዞ ነበርና በዚያው መንገድ ገፋበት። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከአይሁዶች ጋር የሚለዋወጡትን ደብዳቤ የሚያምኑት ሰው እንዲያነብላቸውና እንዲጽፍላቸው ፈልገው ጽሕፈታቸውን እንዲማር አዘዙት። ቲርሚዚ እንደዘገቡት ዘይድ ግማሽ ወር ሳይሞላው ተማረው። ኋላም ወሕይ ከሚጽፉት አንዱ ለመሆን በቃ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ዘይድ ትእዛዙን በተቀበለ ቀን በዚያ ሥራ ልምድ አልነበረውም። የነበረው ጉጉት ነው። አበው «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላሉ። ከልቡ የሚፈልግ ሰው የማያውቀውን ለመጠየቅ አያፍርም፤ ሲሳሳትም ደግሞ ይሞክራል፤ ሌላው ሲያርፍ እርሱ ይሠራል። ስለዚህ ጉጉት ልምድን የሚተካው ያለ ድካም አይደለም፤ ወደ ልምድ የሚወስደውን መንገድ ያሳጥራል እንጂ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕልፈት በኋላ ነው። በ12ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ (633 እ.ኤ.አ) በየማማ ጦርነት ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሶሐቦች ሸሂድ ሆኑ። ዑመር (ረ.ዐ) ሰግተው ቁርኣን በአንድ ላይ እንዲሰበሰብ ለኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ) ሐሳብ አቀረቡ። አቡበክርም መጀመሪያ ቢያመነቱም ኋላ ተቀብለው ዘይድን ጠሩት። ያኔ ዘይድ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር። በቡኻሪ ዘገባ እንደምናገኘው አቡበክር የመረጡት ወጣትና አስተዋይ በመሆኑ፣ በምንም የማይጠረጠርና ለነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ወሕይ ይጽፍ የነበረ በመሆኑ ነው። ወጣትነቱን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ብርታት ቆጠሩለት።

ዘይድስ ምን አለ? ተራራ ከቦታው አንሳ ቢሉት ይቀለው እንደነበር ተናግሯል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያልሠሩትን ሥራ እንዴት እንሠራለን ብሎም ተከራክሯል። ልቡ የተከፈተው ከብዙ ውይይት በኋላ ነው። እውነተኛ ጉጉት እንዲህ ነው፤ የኃላፊነቱ ክብደት ይሰማዋል። ደግሞም ሥራው ለሁሉም አዲስ ስለነበር ልምድ ያለው ሰው ልፈልግ ቢባል ማንም አይገኝም ነበር።

ሥራውንም ሲጀምር በራሱ ቃል አጥኚነት ብቻ አልተማመነም። ከተምር ዘንባባ፣ ከስስ ድንጋይና ከሰዎች ልብ እየፈለገ ሰበሰበ። ጽሑፍ ይዞ የመጣንም ሰው ሁለት ምስክር ይጠየቅ እንደነበር ተዘግቧል። የተሰበሰበውም ጽሑፍ ከአቡበክር ወደ ዑመር፣ ከዚያም ወደ እናታችን ሐፍሷ (ረ.ዐ) ተላለፈ። በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ሙስሐፎች ሲገለበጡ ከተመረጡት አራት ሰዎች መካከል አንዱ ዘይድ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለወጣቶቻችን ሦስት መመዘኛ እናገኛለን። አንደኛ፣ ጉጉትህ እንድትማር ያደርግሃል ወይስ እንድታወራ ብቻ? ሁለተኛ፣ ምክርና እርማት ትቀበላለህ? ሦስተኛ፣ አሰልቺ የሆነውን ትንሽ ሥራ ትታገሳለህ? ለሦስቱም አዎ ካልክ ቢስሚላህ ብለህ ጀምር። ካልሆነ ግን የያዝከው ስሜት ነው፤ ስሜት ደግሞ ይበርዳል። መንዳት ያልተማረ ልጅ መኪና በጣም ስለወደደ ብቻ ቁልፍ አይሰጠውም፤ ወዶ ከተማረ ግን ይሰጠዋል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድን በደብዳቤ አመኑት፤ በወሕይም አመኑት። አቡበክር ደግሞ ቁርኣንን የመሰብሰቡን አማና ሰጡት። አደራው እያደገ ሲሄድ ልጁም አብሮ አደገ። እኛም ላስቀራ ለሚለው ልጅ መጀመሪያ ሦስት ሕጻናት እንስጠው፤ ልነግድ ለምትለው ልጃችን ትንሽ ገንዘብ ሰጥተን ሒሳቧን በየሳምንቱ አብረናት እንይ። «አትችልም» ተብሎ የተመለሰ ልጅ ዳግመኛ ላይጠይቀን ይችላል። የጠየቀን ዕለት አልሰማነውምና ያኔ የምንጸጸተው እኛ ነን።

አላህ (ሱ.ወ) የልጆቻችንን ልብ ለመልካም ሥራ ያነሳሳ፤ ለእኛም የምናምንበትን ልብ ይስጠን። አሚን።