በሚሰሙት ቋንቋ ስለ መከሰስ

ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ተከዜ የሚወርድ መንገደኛ አገሩ ተራራና ገደል፥ መንደሩም እርስ በርሱ የተራራቀ መሆኑን ያያል። በዚያ ከሚኖሩት ከኽምራ አገው ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኽምጥኛ ነው። በከተማው አማርኛ ይነገራል፤ በገጠር ግን ለገበያ ያህል ብቻ የሚሰማው፥ ከዚያም ያነሰ የሚሰማ ሰው አይታጣም። ከእነዚህ አንዱ «ፍየል ሰርቀሃል» ተብሎ በማይሰማው ቋንቋ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? ዝም ቢል «አመነ» ይባላል፤ ሳይገባው «አዎን» ቢል ደግሞ ያልበላውን ዕዳ ይከፍላል።

በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። መልካምነቱ ከሳሹም የእስራቱን ድካም አብሮ መቅመሱ ነው። ኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በሰጡት ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያዊ ያለ ሕግ እንዳይያዝና እንዳይታሰር ተጻፈ። ነገር ግን ይህ ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው የፈቀዱት ነበር፤ ፈቃድ ደግሞ በሰጪው እጅ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 10 የሰው መብት ከሰውነቱ ተፈጥሮ የሚመነጭ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ የዋግ እረኛ መብቱን የያዘው ከማንም ሹም ተቀብሎ አይደለም።

በዚሁ ሕግ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው፤ ተገድዶ የሰጠውም ቃል ማስረጃ አይሆንበትም። በአንቀጽ 20 ደግሞ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ የማይሰማ እንደ ሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቆምለታል። ከሁሉም የቋንቋው ነገር ይቀድማል፤ ዝም ማለት እንደሚችል ያልገባው ሰው ዝም ሊል አይችልምና።

የተያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ሕጉ የመንገዱን ጊዜ፥ ለጕዞው በሚገባ የሚያስፈልገውን ያህል፥ ከዚህ ቍጥር ያወጣዋል፤ ገደል ለሚበዛበት አገር ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሰነፍ ያዥ በመኪና የመጣበትን መንገድ በእግር እንደ መጣ አድርጎ ሊያስረዝመው ይችላል። ስለዚህ ዳኛው መቼና ከየት እንደ ተያዘ፥ በምንስ እንደ መጣ፥ ከያዡ ብቻ ሳይሆን ከተያዘውም ሰው በገዛ ቋንቋው ይጠይቃል።