የፕሬዚዳንቶች ገድል ለሕፃናት

በቤተ ክርስቲያን ገድል ሲነበብ እየሰማ ያደገ ሰው የጻድቅ ጽድቅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በምልክት እንደሚገለጥ ያውቃል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ሥላሴን እንዳመሰገኑ ገድላቸው ይናገራልና፣ ሰሚው በዚያች ቀን ውስጥ በአንድ እግር የተቆመበትን የኋላውን ጸሎት ሁሉ አስቀድሞ ያያል። ከንጉሥ ተለይቶ ሪፐብሊክ ያቆመው፣ ከልዩ ልዩ እምነት የተሰበሰበውና በአንድነት የሚዘክረው ጻድቅ ያልነበረው የአሜሪካ ሕዝብ ግን፣ ፊደል የለዩ ልጆቹ ምን ያንብቡ ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ መልሱ የመጣለት ከታሪክ ሊቃውንት ሳይሆን መጻሕፍት ጭኖ ከመንደር መንደር ይዞር ከነበረ ከአንድ ቄስ ነው።

ይህ ቄስ ሜሰን ሎክ ዊምስ ይባላል። በ1759 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሜሪላንድ ተወልዶ፣ በእንግሊዝ አገር ክህነት ተቀብሎ ከተመለሰ በኋላ የፊላዴልፊያው አታሚ የማቲው ኬሪ ወኪል ሆነና ስብከቱንና ገበያውን ብዙም ሳይለያይ ዕድሜውን በመንገድ ላይ ጨረሰ። ጆርጅ ዋሺንግተን በዲሴምበር 1799 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜም በተከታዩ ወር ለኬሪ ደብዳቤ ጽፎ፣ ጀግናው መሞቱን፣ ስለ እርሱ የሚነበብ ነገር የሚጠብቀውም ሕዝብ በሚሊዮን የሚቈጠር መሆኑን አስታወቀው። ሐዘኑ እውነተኛ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነጋዴም ያለቅሳል። በ1800 ዓ.ም. የወጣችው ትንሽ መጽሐፍ በታተመች ቍጥር እየወፈረች ሄደች፤ ደራሲውም በኋለኞቹ እትሞች ላይ ራሱን በዋሺንግተን መኖሪያ ስም የማውንት ቨርነን ሰበካ የቀድሞ አስተዳዳሪ ብሎ ጻፈ፤ በዚህ ስም የሚጠራ ሰበካ ግን አልነበረም።

አሜሪካዊ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው የቼሪው ዛፍ ታሪክ በመጀመሪያው እትም ውስጥ የለም፤ የገባው በ1806 ዓ.ም. በወጣው በአምስተኛው ነው። እንደ ዊምስ አተራረክ፣ ጆርጅ ስድስት ዓመት ያህል ሲሆነው ትንሽ ምሳር ተሰጥቶት ያገኘውን ሁሉ እየቈረጠ ሲዞር፣ አባቱ የሚሳሳለትን ለጋ የቼሪ ዛፍ ልጡን ገሽልጦ ጐዳው፤ አባቱ በማግሥቱ ይህን ያደረገ ማን ነው ብሎ በጠየቀ ጊዜም ልጁ ጥቂት አመንትቶ፣ መዋሸት እንደማይችል ተናግሮ ጥፋቱን አመነ፤ አባትም ይህ ከሺህ ዛፍ ይበልጥብኛል ብሎ ዐቀፈው። ዛፉ ተገንድሶ ወደቀ የሚለው የኋላ ተራኪዎች ጭማሪ ነው፤ ፈጠራ በፈጠራ ላይ መደረቡ ነው። ዊምስ ለነገሩ ምስክር አድርጎ የጠራው ስማቸውን ያልገለጸውን አንዲት አሮጊት ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ታሪኩ የማክጋፊ የንባብ መጻሕፍት በሚባሉት የተማሪ ቤት መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ለብዙ ትውልድ የግብረ ገብ ትምህርት ሆነ።

አትዋሽ የሚለው ትምህርት ራሱ በፈጠራ ላይ ቆመ ብሎ መሣለቅ ቀላል ነው፤ ብዙዎችም ተሣልቀዋል። እኔ ግን ዊምስ የሠራው እንደ ገድል ጸሐፊ ነው እላለሁ፤ ሽማግሌውን ጄኔራል አየና ለዚያ ሽምግልና የሚገባ ሕፃንነት ሰጠው። የገድል ጸሐፊ የማይችለው ነገር ቢኖር ሕፃኑ አንባቢ ከመጽሐፉ የሚወስደውን ማዘዝ ነው።

ከእነዚህ ሕፃናት አንዱ በኢንዲያና ጫካ ያደገው አብርሃም ሊንከን ነበረ። የዋሺንግተንን ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ ከጎረቤት ተውሶ፣ በግንዱ ግድግዳ ስንጥቅ የገባ ዝናብ ቢያበሰብሰው፣ ዋጋውን በባለቤቱ እርሻ ላይ በጕልበቱ ሠርቶ ከፈለ ይባላል። ይኸው ልጅ ጐልምሶ፣ ለፕሬዚዳንትነት ተመርጦ ቃለ መሐላውን ሊፈጽም ወደ ዋና ከተማው ሲጓዝ፣ በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1861 ዓ.ም. በትሬንተን ከተማ በኒው ጀርሲ ሴኔት ፊት ቆሞ የዊምስን መጽሐፍ አስታወሰ። ያስታወሰው ግን ምሳሩንና ዛፉን አይደለም፤ በትሬንተን የተደረገውን ጦርነት፣ የወንዙን መሻገር፣ ወታደሮቹ የተቀበሉትን መከራ ነው፤ ልጅም ሆኖ ሳለ፣ እነዚያ ሰዎች የተጋደሉለት ነገር ከተራ ነገር የበለጠ መሆን አለበት ብሎ ማሰቡን ተናገረ። ቄሱ ለግብረ ገብ ያሰናዳው ማዕድ ተትቶ፣ ለመሸጋገሪያ ያህል የጻፈው ብርድና ውሃ በልጁ ልብ ቀረ።

ሊንከን በተራው ባለ ገድል ሆነ። የእርሱ ምልክት የተወለደበት የግንድ ጎጆ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ለሕፃናት የሚጻፍለት ፕሬዚዳንት ሁሉ ጎጆ ወይም የጎጆ ምትክ ተፈለገለት። ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በ1881 ዓ.ም. በተገደለ ጊዜ፣ በድኻ አደግ ልጆች ታሪክ የታወቀው ሆሬሽዮ አልጀር የሟቹን በልጅነት በቦይ ጀልባ ላይ መሥራት ርእስ አድርጎ በዚያው ዓመት መጽሐፍ አወጣ።

በ1932 ዓ.ም. ኦገስታ ስቲቨንሰን በሊንከን ልጅነት የጀመረችው የቦብስ ሜሪል ማተሚያ ቤት ተከታታይ፣ እንደ ስሙ፣ የታላላቅ አሜሪካውያንን ልጅነት ይተርካል፤ ንግግሩም በአብዛኛው የደራሲዎቹ ድርሰት ነው። ከዚያ ዘመን ሥራዎች ግን እኔን የሚያስደንቀኝ አንዱ ከኖርዌይ አንዱ ከጀርመን የመጡት ባልና ሚስት፣ ኢንግሪና ኤድጋር ዶሌር፣ በድንጋይ ላይ እየሣሉ አትመው በ1939 ዓ.ም. ያወጡት የሊንከን መጽሐፍ ነው። በተከታዩ ዓመት የካልዴኮት ሽልማትን ያገኘው ይህ መጽሐፍ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ ሊንከንን በወንበሩ ላይ አስቀምጦ ይፈጸማል፤ ግድያው የለበትም። የሰማዕት ገድል ያለ ሰማዕትነት ሲፈጸም ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። ራስል ፍሪድማን በ1987 ዓ.ም. በፎቶግራፍ አስደግፎ የጻፈው፣ የኒውቤሪን ሽልማት ያገኘው መጽሐፍ በአንጻሩ ፈጠራ ንግግር ሳይጨምር እስከ ሞቱ ሌሊት ይደርሳል፤ በኪሱ የተገኙትን ሁለት መነጽሮችና የጠላቶቹን የአምስት ዶላር ኖት ሳይቀር ለልጁ ያሳየዋል።

ሆኖም በቼሪው ዛፍ ገጽ ላይ ከልጁና ከአባቱ በቀር ሰው ያለ አይመስልም፤ ዋሺንግተን ግን አባቱ ሲሞት፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ፣ 10 ባሮች ወርሷል፤ እርሱ ራሱ በሞተበት ዓመትም በማውንት ቨርነን 317 ባሮች ነበሩ። ዛሬ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ከሆነችው ከአሌክሳንድርያ በስተ ደቡብ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለውን ያን ቤት የሚጐበኙ ልጆች የባሮቹንም ማደሪያ ያያሉ፤ መጽሐፉ ግን ከቤቱ ዘግይቶ ደረሰ። በጃንዋሪ 2016 ዓ.ም. የወጣ አንድ የሥዕል መጽሐፍ፣ የዋሺንግተን ባሪያና ወጥ ቤት የነበረው ሄርኩለስ ከትንሽ ልጁ ጋር እየሣቀ ለጌታው የልደት ኬክ ሲጋግር ስላሳየ፣ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣበትና ስኮላስቲክ የተባለው አሳታሚ በዚያው ወር ከገበያ መለሰው።

እውነተኛው ሄርኩለስ በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1797 ዓ.ም.፣ ጌታው 65 ዓመት በሞላበት በልደቱ ቀን፣ ከማውንት ቨርነን ጠፍቶ ሄደ። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቈይ፣ ኋላ የፈረንሳይ ንጉሥ የሆነው ሉዊ ፊሊፕ በእንግድነት በዚያ ቤት አድሮ ነበርና፣ አሽከሩ ከወጥ ቤቱ ትንሽ ልጅ ጋር ያደረገውን ንግግር በማስታወሻው ጻፈ። አሽከሩ፣ አባትሽን ዳግመኛ ስለማታዪው ታዝኛለሽ መቼም ቢላት፣ የለም፣ አሁን ነጻ ስለ ወጣ ደስ ብሎኛል ብላ መለሰችለት። ዕድሜዋ፣ ማስታወሻው እንደሚለው፣ ስድስት ዓመት ነበረ።