ነባር ማቀዝቀዣን ወደ አዲስ ጋዝ መቀየር፦ ጋዝ ከመሙላት ያለፈ ሥራ

ደምበጫ፦ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቶች ማቀዝቀዣቸውን አጥፍተው ይዘጋሉ። ለፋሲካ ዋዜማ ፍሪጁ ዳግም ሲከፈት ሞተሩ ይነሣል፤ ነገር ግን አይቀዘቅዝም። ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ ቀስ በቀስ አፈትልኮ ያለቀ ጋዝ ነው። ባለቤቱ የበዓሉ ገበያ እንዳያመልጠው "ጋዝ ሙላልኝ" ይላል። ይሁን እንጂ ማሽኑ የተሠራለት ጋዝ ከገበያ የወጣ ሊሆን ይችላል። በምትኩ የተገኘውን መሙላት ደግሞ የፍሪጁን ውድ አካል፣ ኮምፕሬሰሩን፣ ሊያቃጥል፤ ሲብስም በሰው ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

የጋዙ ዓይነትና ክብደት በማቀዝቀዣው ጀርባ ወይም በኮምፕሬሰሩ ላይ በተለጠፈው መለያ ተጽፏል። ዕድሜ የጠገቡት "አር 12" ይላሉ። ይህ ጋዝ የኦዞን ንጣፍን ስለሚያሳሳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በታዳጊ ሀገራትም ጭምር ቀርቷል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ በኋላም የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች። በትላልቅ ማቀዝቀዣዎች የሚገኘው አር 22ም እ.ኤ.አ. በ2030 ለጥገና ከሚቀረው ጥቂት መጠን በስተቀር ይቆማል። አር 12ን የተካው አር 134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ምድርን ግን ያሞቃል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2016 በጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ ሥር ገብቷል። ኢትዮጵያ ያለችበት ምድብ የዚህን ቤተሰብ ጋዞች ፍጆታ እ.ኤ.አ. በ2029 በ10 በመቶ፣ በ2045 በ80 በመቶ መቀነስ ይጠበቅበታል።

የቅየራው ዋና ጉዳይ ዘይቱ ነው። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ከጋዙ ጋር እየዞረ ተመልሶ መምጣት አለበት። አር 12 የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው፤ አር 134ኤ ግን ከዚህ ዘይት ጋር አይዋሐድም። ዘይቱ ሳይቀየር አዲሱ ጋዝ ቢሞላ፣ ዘይቱ በቱቦው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ኮምፕሬሰሩም ደርቆ ይፋጫል። ፍሪጁ ለጥቂት ጊዜ በደንብ ሊያቀዘቅዝ ይችላልና ባለቤቱ ጥገናው የተሳካ ይመስለዋል። ትክክለኛው መንገድ የቀረውን ጋዝ ወደ ሲሊንደር መሰብሰብ፣ ማፍሰሻውን ፈልጎ መድፈን፣ አሮጌውን ዘይት አውጥቶ ኤስተር በተባለው ሰው ሠራሽ ዘይት መተካት ነው። የአሮጌው ዘይት ቅሪት ከ5 በመቶ በታች እስኪወርድ ማጠቡ ይደጋገማል። የኤስተር ዘይት እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ በተለይ በክረምት ቆርቆሮውን ከፍቶ ማቆየት አይገባም። እርጥበት ማጣሪያው፣ ባለሙያዎች "ድራየር" የሚሉት፣ አብሮ ይቀየራል።

ደምበጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መገኘቷም በሥራው ላይ ለውጥ ያመጣል። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ አየርን ከቱቦው ሙሉ በሙሉ የመጠጠ ጥሩ ፓምፕ እንኳ በጌጁ ላይ የሚያሳየው 30 ሳይሆን 23 ኢንች ገደማ ነው፤ ይህም የፓምፑ ጉድለት አይደለም። በሌላ በኩል ጋዝ ሲሞላ ጌጁ በባሕር ጠለል ከተዘጋጀው ሠንጠረዥ በ3 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ብሎ ያነባል። በጌጅ ብቻ የሚሞላ ባለሙያ በቂ ሳይሆን "ሞልቷል" ብሎ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ሚዛን ያስፈልጋል። ከአር 12 ወደ አር 134ኤ ለተቀየረ ማሽን መነሻው መለያው ላይ ከተጻፈው ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው።

በአዳዲስ የቤት ፍሪጆች ላይ የሚታየው አር 600ኤ፣ ማለትም አይሶቡቴን፣ ኦዞንንም የአየር ንብረትንም እምብዛም አይጎዳም፤ ነገር ግን ተቀጣጣይ ነው። ለቤት ፍሪጅ ዓለም አቀፉ መመዘኛ መጠኑን በ150 ግራም ገድቧል። የአሮጌ ፍሪጅ የሙቀት መቆጣጠሪያና የመብራት ማብሪያ የእሳት ፍንጣሪ ሊያወጡ ስለሚችሉ ይህን ጋዝ በእነርሱ ላይ መሙላት አደገኛ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወደ ወለሉ፣ ከሰል ወደሚነድበት ምድጃ፣ ይወርዳል። ከዚህም በላይ ለአር 134ኤ የተሠራ ኮምፕሬሰር በእርሱ ሲሠራ የማቀዝቀዝ አቅሙ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የማብሰያ ጋዝም ምትክ አይሆንም።

በሲሊንደር ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ማመንም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐሰተኛ አር 134ኤ የተሞሉ የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴነሮች በቬትናምና በብራዚል ፈንድተው ሰዎች ሞተዋል፤ የተቀላቀለው ጋዝ ከአሉሚኒየም ጋር የሚቆጣ ነበር።

ታዲያ መቀየሩ ያዋጣል? ለትልቅ የሥጋ ማከማቻ ወይም የአርሶ አደሩ ወተት ለሚሰበሰብበት ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ከሆነ ያዋጣል። ለአሮጌ የቤት ፍሪጅ ግን ዘይቱን ለማውጣት ኮምፕሬሰሩን ቆርጦ መገልበጥ ስለሚጠይቅ ወጪው ብዙ ጊዜ አያካክስም፤ አዲስ መግዛቱ ይሻላል። የሰውም ሆነ የእንስሳት ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ በፍጹም በዚህ መንገድ መነካት የለበትም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲጠብቅ የተፈተነው ከነጋዙ ነውና።

ቅየራው ሲጠናቀቅ የቀድሞው መለያ ተሸፍኖ የአዲሱ ጋዝ ስም፣ ክብደቱ፣ የዘይቱ ዓይነትና ቀኑ በማይለቅ ቀለም ይጻፋል። ከዓመታት በኋላ ማሽኑን የሚከፍተው ሌላ ባለሙያ የሚያየው እርሱን ነው።