ሱልካታ፦ የበረሃ ልጅ በእርጥብ ቤት

የሱልካታ ኤሊ አገር ከሴኔጋል ተነስቶ በሳህል በኩል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ የሚዘልቀው ደረቅ መሬት ነው። ከየብስ ኤሊዎች በግዝፈት የሚበልጧት የጋላፓጎስና የአልዳብራ ኤሊዎች ብቻ ናቸው፤ ወንዱ ከ80 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ከእንቁላል ስትወጣ ግን አምስት ሴንቲሜትር ገደማ ናት። አሜሪካ ውስጥ በብዛት ተራብታ ሰው እጅ የምትገባውም በዚህ ዕድሜዋ ነው።

«የበረሃ እንስሳ» መባሏ ብዙ ጫጩት ጎድቷል። ለዓመታት ደረቅ አሸዋ ላይ፣ ትኩስ መብራት ሥር ነበር የሚያሳድጓት። እንዲህ ያደገች ኤሊ ቅርፊቷ ለስላሳ መሆኑ ይቀርና እያንዳንዱ የቅርፊቱ ክፍል ጉብ ጉብ ይላል። ጥፋቱ የፕሮቲን ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ትናንሽ ሱልካታዎችን በተለያየ እርጥበትና የፕሮቲን መጠን አሳድጎ ሲያወዳድር ግን ዋናው ምክንያት የአየሩ ድርቀት ሆኖ ተገኘ፤ የፕሮቲኑ ድርሻ ትንሽ ነበር። በተፈጥሮም ቢሆን ጫጩቷ ሐሩሩን የምታሳልፈው ከመሬት በታች፣ አየሩ እርጥብ በሆነበት ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ክዳን ያለው ሰፊ ሳጥን፣ ወለሉ ላይ ውሃ የሚይዝ የኮኮናት ብናኝ፣ 80 በመቶ ገደማ እርጥበት ያስፈልጋታል። መሞቂያ ጥጓ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ይድረስ፤ ሌላው ጥግ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከ26 ባይወርድ ይመረጣል። እርጥበት ከብርድ ጋር ከተገናኘ ሳንባዋን ይመታልና በዚህ ቀልድ የለም። ካልሲየም አጥንቷ እንዲደርስ ደግሞ የዩቪቢ ጨረር የሚሰጥ መብራት ይኑራት። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ አይተካውም፤ መስታወቱ ጨረሩን ያስቀረዋል።

በየቀኑ ለሃያ ደቂቃ ያህል፣ ከአገጯ በማያልፍ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትቀመጥ። አንገቷን ዘርግታ አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ነክራ ስትጠጣ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ትንሽ ቆይታ ከሽንቷ ጋር ነጭ ነገር ትጥላለች። እንደ ክሬም ከለሰለሰ ደህና ናት፤ እንደ አሸዋ ከሻከረ ውሃ ጠምቷታል ማለት ነው።

ምግቧ ሳር ነው። ሰርዶ ከተገኘ ሌላ ብዙ ፍለጋ አያስፈልግም። አፏ ትንሽ ስለሆነ በመቀስ ደቀቅ አድርጎ መስጠት ነው፤ ድርቆሽ ከሆነ ውሃ ነክቶት ይለስልስ። እሾሁ የተነሳለት የበለስ ቁልቋል፣ የሂቢስከስ ቅጠልና አበባ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት አረም ይጨመራል። ከላይ በሳምንት ጥቂት ጊዜ የካልሲየም ዱቄት ነስነስ ይደረጋል። ቆስጣና ስፒናች ካልሲየሙን ስለሚይዙባት አይዘውተሩ። ሙዝና ፓፓያ በደስታ ትበላለች፤ ግን ስኳሩ ሳር ለመፍጨት የተሠራውን አንጀቷን ያውካል። የውሻ ምግብማ ጭራሽ አይታሰብ።

ልጆች ባሉበት ቤት ኤሊዋን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጤነኛ ኤሊም የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከአሥር ሴንቲሜትር በታች የሆኑ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ገበያው ግን ብዙም አልሰማም።

በደንብ ከተያዘች በጥቂት ዓመታት ሳጥኑም ክፍሉም ይጠባታል። ግቢ ትፈልጋለች፣ አጥር ሥር ትቆፍራለች፣ ከሰባ ዓመት በላይ ልትኖርም ትችላለች። በዱር ቁጥሯ እየመነመነ ሳለ፣ አሪዞና ውስጥ ባለቤቶቻቸው ያልቻሏቸው ትልልቅ ሱልካታዎች መጠለያዎችን አጨናንቀዋል። እዚያ ሄዶ ያደገችውን አይቶ መወሰን፣ ጫጩቷን መዳፍ ላይ ይዞ ከመወሰን ይሻላል።