ከዳሱ ቀድሞ መውጣት፦ ስለ ዕድሜና ስለ ጭፈራ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታቸው

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሲሪንቃ፣ ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ አገዳው ከተከመረ በኋላ ጥር ሲገባ፣ የሰርግ ዳስ የማይጣልበት ሰፈር ጥቂት ነው። እኔም ከነዚህ ዳሶች ባንዱ፣ ከበሮው ሲመታ እንደ ልማዴ ወገቤን አስሬ ገባሁ፤ ነገር ግን ገና ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ትንፋሼ አጥሮ፣ ጕልበቴን በእጄ ደግፌ ወጣሁና በአገዳው ክምር ሥር ተቀመጥሁ። በዚያው መንደር ስጨፍር አድሬ ጎሕ ሲቀድ በእግሬ ወደ ቤቴ የተመለስሁበት ዘመን ትዝ ብሎኝ አዘንሁ። ኋላ ነገሩን ስመረምር ግን፣ ኀዘኔን ያከበደው ድካሙ ራሱ ሳይሆን፣ ስለ ድካሙ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁት ሐሰት መሆኑን ተረዳሁ።

ተረት 1፦ «ጕልበት የሚከዳው በስተርጅና፣ ያውም በድንገት ነው።»

እውነታው፦ ለውጡ የሚጀምረው ሰው ራሱን ገና ጎረምሳ ነኝ በሚልበት ዘመን ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ቲል ሮነበርግ ከባልደረቦቹ ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የሰው የመኝታ ሰዓት በጉርምስና ወራት ወደ ሌሊቱ እየገፋ ሄዶ በ20 ዓመት ግድም ከጫፉ እንደሚደርስ፣ ከዚያም ወዲህ ቀስ በቀስ ወደ ምሽቱ እንደሚመለስ አሳይቷል። ልብና ሳንባም ለጡንቻ ኦክስጅን የማድረስ ከፍተኛ ዐቅማቸው፣ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሰውነቱን በማያሠራ ሰው ላይ በየዐሥር ዓመቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ በጎልማሳነቱ ቀድሞ የሚደክም ሰው የተፈጥሮን ሥርዓት ተከተለ እንጂ አልተዋረደም። ድካሙ በድንገት የመጣበት ወይም ደረቱን የሚያመው ሰው ግን ነገሩን በዕድሜ ሳያመካኝ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ተረት 2፦ «በወጣትነቱ ጠጥቶ የጠነከረ ሰውን፣ ሲጎለምስ መጠጥ አይጥለውም።»

እውነታው፦ ዕድሜ ሲገፋ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ውኃ እየቀነሰ በስቡ ይተካል፤ አልኮል ደግሞ የሚሰራጨው በውኃው ውስጥ ስለ ሆነ፣ ያው የድሮው ብርሌ ጠጅ ወይም ያው መለኪያ አረቄ ዛሬ ደማችን ውስጥ ይበልጥ ይበረታል። ልማድ የስካሩን ስሜት ይሸፍን ይሆናል፤ ጉበትን ግን ከጉዳት አያድነውም።

ተረት 3፦ «የሌሊቱን ድካም ጠዋት በቡና ወይም በጫት ማካካስ ይቻላል።»

እውነታው፦ ቡና እንቅልፍን የሚጠራውን የአንጎል ምልክት ለጊዜው ይጋርዳል እንጂ ያልተተኛውን እንቅልፍ አይተካም፤ ጉበትም መጠጡን የሚያጠራው በራሱ እርምጃ ስለ ሆነ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ቢደራረብለት አይፈጥንም። የቡናው ኃይል እኩሌታው ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከሰዓት በኋላ የጠጣነው የሚመጣውንም ሌሊት ይሻማል። ጫትም ድካሙን ለምርቃናው ሰዓት ብቻ ይደብቀዋል፤ ምርቃናው ሲወርድ ድካሙ ከነባልደረባው፣ ከድብርት ጋር፣ ይመለሳል።

ተረት 4፦ «ዕድሜ ከገፋ በኋላ መጨፈር ነውር ነው፤ ሲያረጁ አምባር ይዋጁ።»

እውነታው፦ ከአራቱ ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሰውን ከተድላው ለይቶ ከቤቱ ጥግ ያስቀምጠዋልና። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እስክስታም ከዚሁ ይቈጠራል። በጥምቀት ሌሊት በማኅሌት የሚቆሙትን ሊቃውንት የተመለከተ ሰው ደግሞ ምሥጢሩን አይስተውም፦ መቋሚያቸውን ይዘው እንቅስቃሴውን በዝግታ በዝማሜ ይጀምራሉ፣ ወደ መረግድ ይሻገራሉ፣ ፈጣኑ ጽፋት የሚመጣው ኋላ ነው። ሽበታሙ መሪጌታ እስከ ንጋት የሚዘልቀው ጕልበቱ ከወጣቱ በልጦ ሳይሆን ሥርዓቱ ጕልበቱን ስለ ጠበቀለት ነው። በወሎ ሀድራ መንዙማ እያዜሙ የሚያነጉ ሽማግሌዎችም እንዲሁ የሌሊቱን ርዝመት በልክ ያውቁታል።

በዚያች ሌሊት፣ በአገዳው ክምር ሥር፣ ከጎኔ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አባት ነበሩ። ትንፋሼን ሰምተው፣ «አብሽር ልጄ፤ እኔ ከበሮው እንደ ጀመረ አልሮጥም፤ ሲሞቅ እገባለሁ፣ ሲደክመኝ እወጣለሁ» አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ተነሡና ወደ ዳሱ ገቡ፤ ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ ጋቢያቸው እንኳ አልወደቀም፤ ሁለት ዙር ብቻ ጨፍረው፣ ሙሽሮቹን መርቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የእኚህ አባት ብልሃት የአገሩ ገበሬም ብልሃት ነው፦ የሲሪንቃ ገበሬ ዝናቡ ሲዘገይበት፣ ብዙ ወራት የሚፈልገውን ማሽላ ትቶ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ወይም ጤፍን ይዘራል፤ በዚያው ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ፈጥኖ በሚደርስ ማሽላ ላይ ሲደክም የኖረው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ወቅቱ አጠረ ብሎ ማሳውን ጦም የሚያሳድር ገበሬ የለም። እኔም በሚመጣው ጥር ዳሱ ውስጥ እገኛለሁ፤ ሁለት ዙር እጨፍራለሁ፣ መርቄም እወጣለሁ።