ጭራ ለወፍ ምኑ ነው?

በወሩ 5ኛ ቀን ምእመናን ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሳሪስ አቦ ሲሰበሰቡ፥ ከዐፀዱ በላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚያንዣብበውን ጭልፊት ቀና ብሎ ያስተዋለ ሰው፥ ክንፉ እምብዛም ሳይንቀሳቀስ ጭራው ብቻ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ያያል። ጭራው ባዘነበለ ቍጥር ነፋሱ በአንድ ወገን ይገፋውና አካሉ በሙሉ ይዞራል፤ ስለዚህም ወፉ በማራገብ ጕልበቱን ሳይጨርስ፥ ፀሐይ ካጋለችው ምድርና ከቆርቆሮው ክዳን የሚነሣውን ሞቃት አየር እየተከተለ ረጅም ሰዓት በሰማይ ይውላል።

ይህን ሁሉ የሚያስፈጽመው አካል ላባው ሲገለጥ እጅግ ትንሽ ነው። ዶሮ የምትበልት ሴት በጀርባው ጫፍ የምታገኛት ያች ቅባታም ሥጋ በውስጧ አንዲት ሹል አጥንት አለቻት፤ አጥንቲቱም የብዙ አጥንቶች ውሕደት ናት። ከጭልፊቱ 12 የጭራ ላባዎች መካከለኞቹ ሁለቱ ከዚህች አጥንት ጋር ሲያያዙ፥ የቀሩት በግራና በቀኝ በጡንቻ ውስጥ ተተክለዋልና፥ ጡንቻው ሲኮማተር ጭራው ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ1861 ቅሪቱ በጀርመን አገር ከኖራ ድንጋይ ውስጥ እንደ ተገኘ የታወቀው፥ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረው አርኪዮፕተሪክስ ግን ከ20 የሚበልጡ አጥንቶች የተቀጣጠሉበት ረጅም ጭራ ነበረው። አጥንቱ አጥሮ ላባው መቅረቱ አእዋፍን ከሸክም አሳረፋቸው።

ጭልፊቱ ሲከንፍ ጭራው ተሰብስቦ መንታ ሹካ ይሆናል፥ አየሩም እምብዛም አይዘውም። ከልጅ እጅ ዳቦ ሊነጥቅ ዝቅ ሲል ግን ያ ሹካ ተዘርግቶ ዳሩ ቀጥ ይላል፥ ስፋቱም አዝግሞ የሚበረውን ወፍ ደግፎ ከመውደቅ ያድነዋል፤ ወደ ታች ሲታጠፍም ልጓም ይሆንለታል። ተነጣቂው ልጅ ግን ይህን ጥበብ ለማድነቅ ጊዜ የለውም።

ግንደ ቆርቍር ደግሞ ጭራውን ከመብረሪያነት ይልቅ ለመደገፊያነት ይሻዋል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚኖር አንድ የግንደ ቆርቍር ወገን በደጋው የጥድ ደን ይገኛል፤ እርሱም እንደ ዘመዶቹ ሁሉ፥ ደብተራ በማኅሌት ሌሊት መቋሚያውን እንደሚደገፍ፥ ሁለት ጣት ወደ ፊት ሁለት ጣት ወደ ኋላ አድርጎ ግንዱን ከያዘ በኋላ የጭራውን ጠንካራ ላባዎች ከቅርፊቱ ጋር አጣብቆ ይደገፍባቸዋል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የላባ ለውጡ ሥርዓት ነው፤ ብዙዎቹ አእዋፍ የጭራቸውን ላባ ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር ሲጥሉ፥ ግንደ ቆርቍር ግን ዋና ድጋፎቹ የሆኑትን ሁለቱን መካከለኞች፥ የሌሎቹ ምትክ እስኪበቅል ድረስ ሳይጥል ያቆያቸዋል።

በክረምት በአቃቂ ሜዳ ላይ የሚታየው፥ ሊቃውንት ቪዱዋ ማክሩራ የሚሉት ባለ ቀይ መንቍር ትንሽ ወፍ ግን ከዚህ ሁሉ የራቀ ነገር ያሳየናል። የወንዱ ጭራ ከቀረው አካሉ ይረዝማል፤ ለበረራም ሸክም እንጂ ረድኤት አይደለም። ሴቲቱ እንቍላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ስለምትጥል፥ ወንዱም ጎጆ ስለማይሠራና ጫጩት ስለማይመግብ፥ ለሴቲቱ የሚያቀርበው መልኩንና ውዝዋዜውን ብቻ ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለው ጌጥ ከሴቶቹ ምርጫ የመጣ ነው አለ፤ ነገሩን በሜዳ የፈተነው ግን ስዊድናዊው ማልተ አንደርሶን ነው። አንደርሶን በኬንያ፥ ጭራው ግማሽ ሜትር ገደማ በሚደርስ ሌላ ወፍ ላይ፥ የአንዳንዶቹን ወንዶች ጭራ ቈርጦ ለሌሎቹ በሙጫ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ጽሑፍም ጭራቸው በተቀጠለላቸው ወንዶች ግዛት ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሴቶች ጎጆ እንደ ሠሩ አስረዳ።

የአቃቂው ወፍም የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ረጅሞቹን ላባዎች አራግፎ እንደ ሴቲቱ ቡናማና መሥመራም ይሆናል፤ በበጋ ከድንቢጦች መካከል ፍሬ ሲለቅም ያየው ሰው በሐምሌ ካየው ባለ ጭራ ጋር አንድ መሆኑን ለማወቅ ይቸገራል።